ሰው አወቀ

ይህ ታሪክ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ ከየትም አልቀዳሁትም።

ማመን ያቃተው ሰው አይፈረድበትም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ለማሳመን የሚሆን ጉልበት ግን የለኝም... ደክሞኛል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ልጻፈውና ልረፍ።

አስፈሪ ነገር ሁሉ በጨለማ የሚመጣ የሚመስለው ካለ ይስማኝ። የእኔ የጀመረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዬን ሞልታዋለች። ውጭ ሰው ይስቃል፣ መኪና ጡሩንባ ይነፋል።

እኔ ደግሞ ሰው ከሌለበት አልጋ ላይ... የሰው እጅ እየለካሁ ነበር።

እንዲገባችሁ ስለ ሥራችን ትንሽ ልንገራችሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎችን እንጠግናለን። ሌላው ጥሎ አዲስ የሚገዛውን፣ እኛ ከፍተን፣ አቧራውን አራግፈን ነፍስ እንዘራበታለን። ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። እሱ እኔን ጩጬ ይለኛል። ፀጉሬ ተመልጦ፣ ወገቤ ጎብጦ እንኳ ጩጬ ነኝ።

የሙያ ጓደኞቻችን ደግሞ ጋሼን "ጆሮ" ነው የሚሉት። ያለምክንያት አይደለም።

በእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ሆድ ውስጥ ሪሌይ የሚባሉ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። የክብሪት ሳጥን ግማሽ አያክሉም። የሚያበራቸውም የሚያጠፋቸውም ጣት ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው። በሠሩ ቁጥር ቀጭ... ቀጭ... ይላሉ። ሲያረጁ ውስጣቸው ያለው መገናኛ ይቆሽሻል። አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ጋሼ ማሽኑ ሳይከፈት፣ ከወዲያኛው ክፍል ሆኖ ድምፁን ብቻ ሰምቶ "ሦስተኛው ታሟል፣ ቀይረው" ይላል። ስቶ አያውቅም።

አንድ መለኪያ ተጠግኖ ሲያልቅ ደግሞ የቤታችን ደንብ አለ። ጋሼ የመለኪያውን ሁለት ገመዶች ጫፍ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። ማሽኑም ኤሌክትሪክ በሰውነቱ ውስጥ ለማለፍ ምን ያህል እንደሚቸገር ይለካል።

ማንም ካልያዘው ማሽኑ ሰረዝ ብቻ ያሳያል። እኛ "ባዶ" እንለዋለን።

ሰው ሲይዘው ቁጥር ይመጣል። የሰው ቁጥር ደግሞ ያስታውቃል። አይረጋም... ይወጣል፣ ይወርዳል። እጁን ጠበቅ ካደረገ ይወርዳል፣ ላላ ካደረገ ይወጣል። መዳፉ ካላበውም ይወርዳል። የፈራ ሰው ቁጥር ቁልቁል ነው የሚሄደው። ግዑዝ ነገር እንዲህ ሲዋልል አላየሁም።

ቁጥሩ መዋለል ሲጀምር ጋሼ ፈገግ ይልና "ሰው አወቀ" ይላል። ማሽኑ ወደ ባለቤቱ የሚሄደው ይቺ ቃል ከተባለች በኋላ ነው።

እንግዲህ ጋሼ ታመመ። ልቡን።

ከአልጋ መነሳት አቃተው። መኝታ ቤቱ ከወርክሾፑ ጀርባ ነው፤ የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ እያየ ሲተክዝ፣ ሥራ መፍታቱ ከሕመሙ በላይ እየገደለው መሆኑ ገባኝ። ስለዚህ ረጃጅም ገመድ ቀጥዬ በመጋረጃው ሥር አሳለፍኩለት። ከጠረጴዛዬ እስከ አልጋው።

ያገናኘሁት ከራሳችን አሮጌ መለኪያ ጋር ነው። እሱ ማሽን እዚህ ቤት የገባው ከእትዬ በፊት ነው። እትዬ የምላት የጋሼን ሚስት ነው። "ጣውንቴ" እያለች ታሾፍበታለች።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ገመዶቹን ይዞ መዋል ጀመረ። እኔ እየሠራሁ ቀና እላለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ። ሲዋልል... አለ ማለት ነው። ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ውሃ ሲፈልግ መጣራት ያደክመዋል። ስለዚህ ገመዱን ሁለቴ ጫን ጫን ያደርጋል። ቁጥሩ ሁለቴ ወረድ ወረድ ይላል።

"መጣሁ ጋሼ" እላለሁ።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ቀን ሥራ፣ ሌሊት ማስታመም። ከእትዬ ጋር እየተፈራረቅን ነበር የምንተኛው፤ እንቅልፍ ከተባለ። ወንድሜ እንዳይሞትብኝ እለምን ነበር፤ ከእሱ ሌላ አባትም የለኝም፣ እሱ ነው ያሳደገኝ።

ያን ቀን ጠዋት ትንፋሹ ከፋበት። ባለታክሲው ጎረቤታችንና እኔ ተሸክመን መኪና ውስጥ አስገባነው። እትዬ አብራው ሆስፒታል ሄደች። ከመሄዷ በፊት ፊቴን አየችኝና፣ አንተም ልትወድቅ ነው፣ ጋደም በልና ማታ ትተካኛለህ አለችኝ።

ጋደም አልኩ። ሰው ከመጠን በላይ ሲደክመው እንቅልፍም ይሸሸዋል መሰለኝ... እምቢ አለኝ።

ተነሳሁ። ቁጭ ብዬ ከማስብ እጄን ላሠራው ብዬ የራሳችንን መለኪያ ክዳን ፈታሁ። ሪሌዮቹ አንድ በአንድ እየከዱት ነበር፤ ቁጥሩ እየዘለለ ጋሼን ሲያናድደው ነው የሰነበተው። የታመሙትን ነቅዬ በቦታቸው አዲስ በየድኩ። ከገመዶቹ መግቢያ አጠገብ ያለው ብቻ ቀረ። አዲስ መተኪያ ነበረኝ፣ ጠረጴዛው ላይ። ግን አሮጌው ለጊዜው ደህና መሰለኝና ነገ አደርገዋለሁ ብዬ ተውኩት። ዓይኔ እየተጨፈነ ነበር።

ማሽኑን አበራሁት።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ... እያለ ራሱን ፈተሸና ዝም አለ።

ሰረዝ መምጣት ነበረበት። ገመዶቹን የያዘ ሰው የለም።

ቁጥር መጣ።

ይዋልላል።

አልፈራሁም። መጀመሪያ የተሰማኝ ብስጭት ነው። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የገዛ እጁን ነው። የብየዳው ቆሻሻ ቦርዱ ላይ ቀርቶ ይሆናል አልኩና ማሽኑን አጥፍቼ በአልኮል አጠብኩት። አደረቅኩት። መልሼ አበራሁት።

ቁጥር።

ገመዶቹን ከማሽኑ ነቀልኳቸው። ሰረዝ። መልሼ ሰካኋቸው። ቁጥር። እንደገና ነቀልኩ፣ እንደገና ሰካሁ... ያው ነው።

ይሄ ማለት ማሽኑ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ገመዶቹ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው።

መጋረጃውን ገለጥኩ።

አልጋው ጠዋት እንደተውነው ነው። ትራሱ ጋሼ የተንተራሰበት ቦታ ላይ ጎድጉዷል። አንደኛው ገመድ አንሶላው ላይ በቀኝ በኩል፣ ሌላው በግራ በኩል ተጋድመዋል። አይነካኩም። መሀላቸው ሰው የሚተኛበት ስፋት አለ።

ከዚያው ሆኜ ዞር ብዬ በመጋረጃው ክፍተት ማሽኑን አየሁት። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል።

አንዱን ገመድ ጫፉ ላይ ነካሁት።

ብረቱ ይሞቃል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ፀሐይ ገብታ አታውቅም።

ገመዱን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጌ ቦታው መለስኩትና ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ስልኬን አንስቼ እትዬ ጋ ደወልኩ።

"እትዬ... ጋሼ እንዴት ነው?"

"ተኝቷል" አለች በሹክሹክታ። "እዚህ ማውራት አይፈቀድም... አንተ አልተኛህም?"

"እጁስ?"

"የምን እጅ?"

"እስቲ እጁን እዪው።"

የሆነ ማሽን ከኋላዋ ሲጮህ ይሰማኛል።

"ጨብጧል" አለች። "ሁለቱንም። በጣቶቹ የሆነ ነገር ቆንጥጦ የያዘ ነው የሚመስለው... ነርሷ መርፌ ልታስገባለት ልትዘረጋው ብትል አልዘረጋ አላት።"

ያን ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ...

ቀጭ።

ቁጥሩ ጠፋ። ሰረዝ።

ነገ አደርገዋለሁ ብዬ የተውኩት ሪሌይ ነው። ድምፁን ለየሁት።

"ቆይ" አለች እትዬ። "ቆይ... እጁን ለቀቀ። እንዴ... አይተነፍስም።"

ስልኩ ውስጥ እግሮች ሲሮጡ ሰማሁ። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም። በእኛ ሙያ ሪሌይ ሲለግም በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ ይደረጋል፤ እጄ የለመደውን አደረገ። መታ። መታ።

ቀጭ አለ። ቁጥሩ ተመለሰ።

"ተነፈሰ" አለች እትዬ። "ተመስገን... ደግሞ እጁን ጨበጠ።"

አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብዬ ልረሳው እችል ነበር። ተደገመ። ደግሞ ተደገመ። ሪሌዩ በለቀቀ ቁጥር ወንድሜ መተንፈስ ያቆማል። በካቻቪቴው ስመታው ይመለሳል። በየጊዜው ደግሞ ብዙ መምታት እያስፈለገኝ ነው።

አዲሱ ሪሌይ ዓይኔ ሥር ተቀምጧል። ጠዋት ብተካው ኖሮ አንድ ሻይ የማይፈጅ ሥራ ነበር። አሁን ግን ለመተካት ማሽኑን ማጥፋት አለብኝ። አሮጌውን እግር በእግር መንቀል፣ ቀዳዳውን ማጽዳት፣ አዲሱን መበየድ... በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም። የወንድሜ ትንፋሽ ደግሞ አንድ ነው።

ባጠፋው ይሞታል። ብተወው ሪሌዩ ራሱ ይገድለዋል።

በሙያችን ከሁሉ የተከለከለው በበራ ማሽን ላይ መበየድ ነው። ድሮ አንዴ ስሞክር ጋሼ እጄን በካቻቪቴ ብሎኛል። አንዲት የቀለጠ የእርሳስ ጠብታ ያለቦታዋ ብትወድቅ ማሽኑ እስከ ወዲያኛው ያሸልባል።

መበየጃውን አጋልኩ።

ፀጉር የምታህል ሽቦ ቆረጥኩ። ሐሳቤ ሪሌዩን ዘልሎ የሚያልፍ ድልድይ መሥራት ነው። የሽቦውን አንድ ጫፍ ከመግቢያው፣ ሌላውን ከመውጫው ጋር ካያያዝኩት፣ ሪሌዩ ያዘም ለቀቀም መንገዱ ከእንግዲህ አይቋረጥም።

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ የመጀመሪያውን ጫፍ ያዝኩ። ጨሰ። ያዘ።

ቀጭ።

ሰረዝ።

ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል። ካቻቪቴውን ማንሳት አልቻልኩም። በስልኩ ውስጥ የሆነ ሰው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለ የጋሼን ደረት ሲጫን ይሰማኛል።

ሁለተኛውን ጫፍ አስነካሁት። አልያዘም። እንደገና አስነካሁት...

ቁጥሩ መጣ።

"ተመለሰልን" አለች እትዬ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ፣ እዚያው ወንበር ላይ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ባልጻፍኩት ነበር።

ጋሼ ዳነ። ሐኪሙ ራሱ ገረመው። ከቀናት በኋላ በእግሩ እየሄደ፣ ማንም ሳይደግፈው በዚያ በር ገባ። እትዬ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እኔም ሮጬ አቀፍኩት።

"እንዴት ነህ ወንድሜ" አለኝ።

ወንድሜ።

ጩጬ አላለኝም። ተወው፣ ሰው ከሞት አፍ ሲመለስ አንደበቱ ይቀየራል አልኩ።

ማሽኑን እስከዚያ ቀን አላጠፋሁትም። ደፍሬ ላጠፋው አልቻልኩም። ገመዶቹን የነካቸው የለም፤ ቁጥሩ ግን ጋሼ ሆስፒታል በቆየበት ጊዜ ሁሉ ሲዋልል ነበር። ጋሼ ቤቱ ሲገባ ያቆማል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

አላቆመም።

ጋሼ አልጋው ላይ ገመዶቹን አገኛቸው። ምንድን ናቸው ብሎ አልጠየቀም። መሬት ጣላቸውና በእግሩ በመጋረጃው ሥር ወደ እኔ ገፋቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወንበሬ አጠገብ ወለሉ ላይ ናቸው። ማንም አልያዛቸውም።

ቁጥሩ ይዋልላል።

በማግስቱ የአንድ ደንበኛ መለኪያ አበራሁ። አንዱ ሪሌይ ክፉኛ ታሟል፤ ለእኔ ለደንቆሮው እንኳ ይሰማል። ቀና ብዬ ጋሼን ጠበቅኩ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል። ጆሮ የሚሉት ሰው አንገቱን እንኳ አላዘነበለም።

እትዬ ደግሞ ሳህን እያጠበች፣ እጁ ይቀዘቅዛል፣ ደም አንሶት ይሆናል አለችኝ። ፊቷ ላይ ስንት ጊዜ ያላየሁት እረፍት አለ። ማታ ማታ ለጥ ብላ መተኛት ጀምራለች። ምን ብዬ ልንገራት? ባልሽ ሳይድን ሌላ ሰው ነው የገባው ልበላት?

ሪሌዩን ቀይሬ የደንበኛውን መለኪያ ስጨርስ የዚያኑ መለኪያ ገመዶች ይዤ መጋረጃውን ገለጥኩ።

"ጋሼ... እስቲ ያዝልኝ።"

ሁለቱን ጫፎች አያቸው። እንዴት እንደሚያዙ ጠፍቶት ነበር። አሳየሁት። እንዳሳየሁት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆነጠጣቸው።

ሰረዝ።

"ጠበቅ አድርገው።"

ጥፍሩ እስኪነጣ ጠበቅ አደረገው።

ሰረዝ... ባዶ።

ተቀብዬው ራሴ ያዝኩት። ቁጥር መጣ፣ ወዲያውም ቁልቁል ሄደ። መዳፌ አልቦኛል። መልሼ ሰጠሁት። ሰረዝ።

"ምን ይላል?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

"ሰው አወቀ" አልኩት።

ደስ አለው።

ይኸው እስከ ዛሬ አብረን እንኖራለን። ይበላል፣ ይተኛል፣ እንደምን አደርክ ይላል። በቀን አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ፣ ያንን አሮጌ ማሽን ለምን አታጠፋውም ይለኛል። አጠፋዋለሁ እላለሁ። አላጠፋውም። መብራት በሄደ ቁጥር ከጎኑ ያገናኘሁት መጠባበቂያ ባትሪ ተቀብሎት እስኪቀጥል ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አልነቅልም።

መቁረጫው እጄ ላይ ሆኖ ስንቴ ድልድዩን ልበጥሰው ብዬ ትቼዋለሁ። ብበጥሰው ማንኛው እንደሚሄድ አላውቅም። ወንድሜ ጠፍቶ ይህኛው ቢቀርስ? ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ገመዱን ይዞ የቀረው ወንድሜ ከሆነ፣ እንዳይለቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ደክሞት መልቀቅ ፈልጎ ከሆነስ?

ዛሬም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ ያችው ናት፣ ጠረጴዛዬን ሞልታዋለች። እትዬ ገበያ ሄዳለች። ይህን እየጻፍኩላችሁ ማሽኑን አያለሁ።

ቁጥሩ እየወረደ ነው። እንዲህ ወርዶ አያውቅም። ገመዱን የያዘው ማንም ይሁን፣ መዳፉ ላብ እስኪያንጠባጥብ ፈርቷል።

ጎንበስ ብዬ ወለሉ ላይ ያሉትን ገመዶች አየሁ።

የብረት ጫፎቻቸው ረጥበዋል።

ቀና ስል ቁጥሩ ወረድ አለና ተመለሰ። ደግሞ ወረድ አለና ተመለሰ። ሁለቴ።

ዝም አለ...

ሁለቴ።

ከንፈሬ ለምዶበት "መጣሁ ጋሼ" ልል ተከፈተ።

መጋረጃው ተዘግቷል፤ ከወዲያ ሆኖ ማሽኑን ማየት አይቻልም። አልጋው አልተንቋቋም፣ መጋረጃው አልተነቃነቀም። ከሆስፒታል የተመለሰው ሰው ድምፅ ግን ጆሮዬ ሥር ነበር።

"አትመልስለት" አለኝ በሹክሹክታ።